ያረሩ ኮከቦች

ሊዬፓያ ሲበርድ ንፋስ ነው ባለቤቱ፣
እኛ ተከራዮች፣ እስኪወርድ ምሕረቱ።
ትራም እነዳለሁ፣ ያው በአንድ መስመር፣
ከገበያው ተነሥቼ እስከ መካነ መቃብር።
ታሪክህን ንገረን ብሎ ለጠየቀኝ ሰው፣
ይኸው ነው መልሴ፣ ተጨማሪ የለው።

ሚስቴ ሊጊታ ግን አየርላንድ ናት፤
እንጉዳይ ትለቅማለች፣ በጨለማ ቤት።
"ለገና አልመጣም፤ ትኬቱ ውድ ነው፤
ብስኩቱን ዘንድሮ አንተው ጋግረው።
ማርና ስኳር አፍላ፣ ቅርንፉድ ጨምር፣
ሄልና ቀረፋ፣ ትንሽ ዝንጅብል ጭምር፤
ቁንዶ በርበሬውን እንዳትረሳው፣
የበርበሬ ኬክ እኮ ነው ስሙ ራሱ የሚጠራው።"
"ስንት ልጨምር?" ብላት፣ "እጅህ እስኪለው።"
የኔ እጅ የሚያውቀው ፍሬን ብቻ ነው።

የቅቤው ዋጋ፣ ሱቅ ውስጥ አስደንግጦኝ፣
ግማሹን ማርጋሪን አደረግሁ፤ ይቅር ትበለኝ።
ሊጡን በጨርቅ ጠቅልዬ በረንዳ ላይ ጣልኩት፤
ሳምንት ሙሉ አረፈ፤
እኔም ቀናሁበት።

ጌጥ የሚሸጥበት ሱቅ ደጁ ያብረቀርቃል፤
ኪሴ ግን ያውቀኛል፣ እግሬንም ያርቃል።
ስለዚህ ለቀምን፣ የተጣለ ትኬት፣
ዓመቱን በሙሉ ሰው የሄደበት፤
ኡና በሙጫ ያዘችው፣ ቀለበት በቀለበት።
ለሥራ የማለደው፣ ከሐኪም ቤት የመጣ፣
ፍቅረኛው ዘንድ አምሽቶ መጨረሻ የወጣ፣
እጅ ለእጅ ተያይዞ ግድግዳችን ላይ ወጣ።

የታች ቤቷ ወይዘሮ ቪዝማ ደግሞ ሰጠችን
የአጃ ሰበዝ ከወንድሟ እርሻ፤ ቆራርጠን፣
በክር እየሰካን፣ ማዕዘን በማዕዘን፣
ከጣሪያው ሰቀልነው፣ ከትንፋሽ የማይመዝን።
ሰው ሲያወራ ይዞራል፣ ዝም ሲል ይቆማል።
እኛ ቤት ባብዛኛው፣
ይቆማል።

ኤቭያ፣ ትልቋ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣
ከሄደች ጀምሮ እናቷ፣
ቃል አይወጣትም፣ ካስፈላጊው በቀር፤
በሯ እንደ ተዘጋ፣ ጆሮዋ ላይ ክር።

ዋዜማው ደረሰ። ሊጡን ዳመጥን፣
በብርጭቆ አፍ ጨረቃ፣ በቢላ ኮከብ ቆረጥን፤
ማንጠልጠያ ቀዳዳ በትርፉ ሰበዝ ወጋን።
"አሥራ ሁለት ደቂቃ" ብላኛለች ሊጊታ፤
ደቂቃ አልቆጥርም እኔ፣ የምቆጥረው ፌርማታ።
ከገበያው እስከ ድልድዩ፣ ልክ አሥራ ሁለት ነው፤
ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ነዳሁት፣ በልቤ ነው።
ትምህርት ቤቱን አለፍኩ፤ ሆስፒታሉን፤ እንቅልፍ ወሰደኝ፤
ድልድዩ ላይ ሳልቆም
መቃብሩ ጋ ስደርስ ጭሱ ቀሰቀሰኝ።

አሥራ ሰባት ኮከብ ከሰል መስለው ወጡ፤
ዐይኖቼ፣ ከጭሱም ይሁን፣ ውሃ አመጡ።
"ይጣል" አልኩ። ኡና ግን ትሪውን ታቅፋ፣
"አይጣልም!" አለችኝ፣ ጉንጯን ነፋ ነፋ፣
"ሌሊት እኮ ጥቁር ነው! ኮከብ ማን ያያል፣
ሰማዩ ነጭ ቢሆን? ምኑ ላይ ይበራል?"
ከወረቀት ቀንድ ውስጥ ስኳር እየጨመቀች፣
በየጥቁሩ ፊት ላይ ብርሃን ጫረች።
እውነቷን ነው። በደህናው ላይ የማይታየው መስመር
ባረረው ላይ በራ፣
በሌሊት አስፋልት ላይ በረዶ እንደ ነካው ሐዲድ፣ ጥርት ብሎ ነበር።

በቀይ ክር ሰቀልናቸው፣ ከመስኮቱ አፋፍ፤
ይንቀጫቀጫሉ ትራም በሥር ሲያልፍ።
በማግስቱ ስነዳ፣ ቤቴ ሥር ስደርስ
ፍሬኑን ረገጥኩት፣ ዐይኔ እዚያ እስኪመለስ።
"ምነው ቆምን?" አለችኝ አንዲት አሮጊት፤
"ቀይ መብራት ነው" አልኳት።
መብራት የለም፣ በዚያ ቤት።

ማታ ስቆጥራቸው፣ አሥራ ስድስት ሆኑ።
አንድ ክር ባዶውን ይወዛወዛል።
ኤቭያ ሶፋው ላይ፤ ከንፈሯ ጥግ ጥላሸት፣
ትንሽም ነጭ ስኳር አለበት።
ማን በላው አላልኩም። እሷም ሆነች እኔ፣
ሆድ ይፍጀው፣ በቃ።
ሆዷ እየፈጨው ነው፣ ያረረውን ይዞ።

ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ "ይመራል" አለችኝ፤
ደግሞ ትንሽ ቆይታ፣ ፈገግ እያለችኝ፣
"እማዬም እኮ ሁሌ
የመጀመሪያውን ዙር ታሳርር ነበረ።"
ከጣሪያው ሥር ሰበዙ፣
ቀስ እያለ ዞረ።